አሮጌ ሰርቨርን የቤት ፋይል ማከማቻ ለማድረግ

ከቢሮ የወጣ እንደ ዴል አር720 ያለ ሰርቨር ለቤት ከበቂ በላይ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ዲስኩ ሳይሆን የሬይድ ካርዱ (ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ የሚያስተዳድረው ካርድ) ነው። ፋይሉን በዲስኮቹ ላይ የሚያደራጀው ሥርዓት፣ ዜድኤፍኤስ፣ ዲስኮቹን በቀጥታ ማየት አለበት፤ ካርዱ መሀል ገብቶ ከጋረዳቸው የጤናቸው መረጃ በትክክል አይደርሰውም፣ ካርዱ ሲሞትም ፋይሉን ማውጣት ፈተና ይሆናል። ስለዚህ ካርዱን ዲስኮቹን ሳይጋርድ ወደሚያሳልፍበት አይቲ ሞድ ቀይሩት፤ ካልተቻለ ዲስኮቹን በቀጥታ በሚያገናኝ ኤችቢኤ ካርድ ተኩት።

ራሙ 16 ጊጋባይት ኢሲሲ (ስህተትን ራሱ የሚያርም ዓይነት) ይሁን። ትሩናስን (በዜድኤፍኤስ የሚሠራ የፋይል ማከማቻ ሶፍትዌር) በትንሽ ኤስኤስዲ ላይ ጫኑ። ባለ 4 ቴራባይት 4 ዲስኮች በሬይድዜድ2 (የሁለት ዲስክ ያህል ቦታ ለመጠባበቂያ በሚይዝ የዜድኤፍኤስ አደረጃጀት) ሲደራጁ ከ8 ቴራባይት ትንሽ ያነሰ ቦታ ይሰጣሉ፤ ሁለቱ ቢበላሹም ፋይሉ አይጠፋም። ያገለገለ ዲስክ ከገዛችሁ ዲስኩ ራሱን የሚመረምርበትን ረጅሙን የስማርት ፍተሻ ሳይጨርስ ምንም አታስቀምጡበት። ኤስኤምአር ዲስክ (መረጃው ተደራርቦ ስለሚጻፍበት ሲጻፍ የሚዘገይ ዓይነት) ደግሞ በፍጹም አትግዙ፦ የተበላሸውን ተክታችሁ መልሶ ሲገነባ ቀናት ሊፈጅ ይችላል።

የአዳማ ሙቀትና አቧራ ቀላል አይደለም። ሰርቨሩን ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ስር አታስቀምጡ፤ የዲስኮቹ ሙቀት ከ45 ዲግሪ እንዳያልፍ ተከታተሉ፣ አቧራውንም በየወሩ አራግፉ። መብራት ድንገት ስለሚጠፋ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) የግድ ነው። በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር አገናኙትና ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩ በራሱ እንዲዘጋ አስተካክሉት።

የሰርጉንና የልጆቹን ፎቶ ግን ዘመድ ቤት በሚቀመጥ ሌላ ዲስክም ገልብጡ፤ ሬይድ ከሌባና ከእሳት አያድንም።