ግድግዳው ለምን ጎበጠ? በጅማ የአሻንጉሊት ቤት ለምትሠሩ፣ ችግርና መፍትሄ

ብዙ ሰው የተበላሸ የአሻንጉሊት ቤት ይዞልኝ ይመጣል። በብዛት የሚመጣው ችግር ግን አንድ ነው፤ የግድግዳ መጉበጥ። ስለዚህ እሱን አብራርቼ እጽፋለሁ፣ ሌሎቹን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። ካተሩ ስለት እንዲኖረው፣ ልኬቱ ትክክል እንዲሆን፣ ማዕዘኑ በስኳድራ እንዲታይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መጠናችንም የተለመደው 1፡12 ነው፤ እውነተኛውን 12 ጊዜ አሳንሰን እንሠራለን ማለት ነው። 3 ሜትር ግድግዳ 25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ግድግዳው ጎበጠ

ቤቱ ሲያልቅ ያምራል። ዎልፔፐሩ ተለጥፏል፣ መስኮቱ ገብቷል። ከሳምንት በኋላ ግድግዳው ወደ ውስጥ እንደ ሰፌድ ይጎደጉዳል። ጣሪያው አልገጥም ይላል። በሩ አይዘጋም። ጥግ ጥጉ ተላቆ ብርሃን ያስገባል።

አንዲት እናት ለልጇ ልደት የሠራችውን ቤት እንደዚህ ሆኖ አመጣችልኝ።

«እህቴ፣ እንጨቱ ነው። አጭበርብረው ሸጡልኝ» አለች።

«ጀርባውን ምን ቀባሽው?»

«ጀርባውንማ ማን ያየዋል ብዬ?»

ይህን መልስ ከስንቱ ሰምቼዋለሁ! እንጨቱ ደህና ኮምፔንሳቶ (ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት) ነበር። የጎበጠው አንድ ጎኑ ብቻ ውሃ ስለጠጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጭ ኮላ ውስጥ ውሃ አለ። ወረቀት ኮላ ሲነካው ይለጠጣል። እንደተለጠጠ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ሲደርቅ ወደ ቦታው ለመመለስ ይሸበሸባል፤ ግን ተጣብቋል፣ የትም አይሄድም። ስለዚህ ግድግዳውን ይዞት ይመጣል። 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይህን ጉልበት አይችለውም። ካርቶንማ ጭራሽ አይሞክረውም። በጀርባው በኩል የሚስብ ነገር ስለሌለ፣ የተለጠፈበት ጎን ያሸንፋል።

ጅማ ደግሞ ነገሩን ታባብሳለች። ከተማችን በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። በልጉ ሳይለቅ ክረምቱ ይገባል። ያልተቀባው ጀርባ እርጥበት ሲበዛ ይነፋል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይሸበሸባል። በኮላ የተሸፈነው ፊት ግን እንደ ጀርባው ቶሎ አይለዋወጥም። ስለዚህ በጥቅምት ቀጥ ብሎ የታየ ግድግዳ በሐምሌ ቢጎብጥ አይግረማችሁ።

አሁን የራሳችሁን እዩት። ግድግዳውን መስታወት ላይ አስተኙና ዓይናችሁን ከጠረጴዛው እኩል ዝቅ አድርጉ።

ዎልፔፐር ያለበት ጎን ከጎደጎደ፣ ወረቀቱ ስቦታል። ይህ ከሁሉም የበዛው ነው።

ዎልፔፐር ያለበት ጎን ካበጠ፣ መጀመሪያ ጠይቁ፤ መቼ ነው የተለጠፈው? አንድ ሁለት ሰዓት ከሆነው ገና አልደረቀም። እርጥብ ጎን ሁልጊዜ በመጀመሪያ ያብጣል፣ ሲደርቅ ነው ወደ ሌላው የሚዞረው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ በግድ ወደ ተቃራኒው ያጎብጠዋል። ሲደርቅ ሁለቱ ጉብጠት ተደምሮ አይወጡትም። አትንኩት። ጭነት ብቻ ጫኑበትና ተዉት። ከደረቀ በኋላም ካበጠ ግን ጀርባው የሆነ ቦታ ውሃ ነክቶት ደርቋል፤ ብዙ ጊዜ እርጥብ ሲሚንቶ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የከረመ ቤት ነው።

አንዱ ጥግ ብቻ ብድግ ካለና ከተጠማዘዘ፣ እንጨቱ ራሱ ነው። ያን ጊዜ ሻጩን መውቀስ ትችላላችሁ። በየመደብሩ የሚሸጠው ርካሽ ኮምፔንሳቶ ውስጡ ባዶ ቦታ አለው፤ መካከለኛው ንጣፍ አይገናኝም። ስትገዙ ጠርዙን እዩ። ቀዳዳ ካለው አትግዙ። የተጠማዘዘ ግድግዳ ማቃናት ድካም ነው፤ ሌላ ቁረጡ።

ያልተገጣጠመ ግድግዳ ቀላል ነው። ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። ፊቱ ላይ ከለጠፋችሁት ጋር የሚመሳሰል ውፍረት ያለው ወረቀት ጀርባው ላይ በዚያው ኮላ ለጥፉ። ዋናው ብልሃት ይህ ነው፤ ሁለቱም ጎን እኩል ይሳብ። ጌጠኛ ወረቀት አያስፈልግም። ከዚያ በሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች መሀል አስገቡት። በፊቱ በኩል እንዳይጣበቅ ፌስታል፣ በጀርባው በኩል ውሃውን እንዲጠጣ ጋዜጣ አድርጉ። ላዩ ላይ ከባድ ነገር ጫኑ፤ የጤፍ ከረጢት ጥሩ ነው። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩት። በበጋ ሦስት ቀን ይበቃዋል፣ በክረምት ሳምንት ስጡት። ደርቋል ብላችሁ በሁለተኛው ቀን ካወጣችሁት እየተመለከታችሁት ይጎብጣል።

ፀሐይ ላይ አታስጡት። ምድጃ አጠገብ አታድርጉት። ቡና ሲፈላ ከሰሉ አጠገብ አስጥታው የተመለሰች ልጅ አውቃለሁ። ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ ግድግዳው ተጠቅልሎ፣ ዎልፔፐሩ በመሀል ተሰንጥቆ ነበር። ያን ማንም አያድነውም።

ቤቱ ከተገጣጠመ በኋላ ከሆነ ሥራው ይከብዳል፣ ግን ተስፋ አለው። በጉልበት አትገንጥሉት። በነጭ ኮላ የተያያዘ መጋጠሚያ ሞቅ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ሲቆይበት ይለሰልሳል፤ ቀስ ብላችሁ በቀጭን ቢላዋ ትለያዩታላችሁ። መለየት ካልፈለጋችሁ ጀርባው ላይ ቀጭን ግን ጠንካራ እንጨት፣ 1 ሴንቲ በ1 ሴንቲ የሚሆን፣ ከጥግ እስከ ጥግ ለጥፉና በሞርሳ (በማጥበቂያ) ወይም በገመድ አስራችሁ አሳድሩት።

አንድ ተማሪ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በትንሹ ሠርቶ ነበር። ከ1878 እስከ 1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤት ማለት ነው። ረጅሙ ግድግዳ ጎብጦ የሰገነቱን መከለያ ነቅሎ ጥሎታል። ለትምህርት ቤት ዝግጅት የቀረው ጥቂት ቀን ነበር፤ ልጁ ሊያለቅስ ደርሷል። እኛ ያደረግነው የሰገነቱን ምሰሶዎች ከጌጥነት ወደ ሥራ መቀየር ነው። ቀጭን ምሰሶዎቹን አውጥተን በደረቅ ዋንዛ ተካናቸው፣ እያንዳንዱን ግድግዳው ላይ በሙሉ ቁመቱ ለጠፍነው። ግድግዳው ተቃና፤ ምሰሶውም ቤቱን ይበልጥ አሳመረው። ረጅም ግድግዳ ያለው ቤት ስትሠሩ ከመጀመሪያው እንዲህ አስቡ። ውስጥ የምታቆሙት የክፍል ግድግዳም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

እንዳይደገም ምን ይደረግ? ከመለጠፋችሁ በፊት ሁለቱንም ጎን ቫርኒሽ ቀቡ። ጠርዙን ደግሞ ሁለት ጊዜ፤ ውሃ በብዛት የሚገባው በጠርዝ ነው። ኮላውን በውሃ አታቅጥኑ። ቅጥኑ ኮላ ለመቀባት ይመቻል፣ ግድግዳ ግን ያበላሻል። ከሁሉም የምመርጠው ግን ይህን ነው፤ ዎልፔፐሩን መጀመሪያ ስስ ካርቶን ላይ ለጥፉ፣ በጭነት ሥር አድርቁት፣ ከዚያ ካርቶኑን ግድግዳው ላይ በሁለት ፊት ፕላስተር አጣብቁት። ግድግዳው ውሃ አይነካውም። ዲዛይኑ ሲሰለቻችሁም ነቅላችሁ ትቀይራላችሁ።

የዎልፔፐሩንም አሠራር ልብ በሉ። በቀለም በሚረጭ ፕሪንተር የታተመ ወረቀት ኮላ ሲነካው ቀለሙ ይፈስሳል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ በሌዘር አሳትሙት። «ሁሉም ፕሪንተር አንድ ነው» ቢሏችሁ አትስሙ፤ እርጥብ ጣት አስነኩና እዩት።

የተለጠፈበት ቦታ ነጭ ሆነ

መስታወቱ፣ ጥቁሩ ቀለም፣ የተወለወለው እንጨት ዙሪያውን ነጭ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ሱፐር ግሉ ነው። የሚደርቀው በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ስለሆነ፣ በጅማ ክረምት እንፋሎቱ ቶሎ ይነጣል። በትንሹ ተጠቀሙ፣ በመርፌ ጫፍ። መስኮት ክፈቱ። የነጣውን በጥቂት ዘይት በራሰ ጨርቅ አሹት፤ ካልለቀቀ ቫርኒሽ ይሸፍነዋል። መስታወት ለሚሆን ፕላስቲክ ሱፐር ግሉን ጭራሽ ተዉት፣ ነጭ ኮላ ይበቃዋል።

ሱፐር ግሉን በጥጥ አትጥረጉ! ጥጥ ሲነካው በድንገት ይግላል፣ ሊያጨስም ቆዳ ሊያቃጥልም ይችላል። የጥጥ ፍራሽ ለትንሿ አልጋ ስትሠሩ በዚህ ሙጫ የምታያይዙ ሰዎች አላችሁ። ስፉት። ማስቲሽ (ሽታው ኃይለኛ የሆነውን ሙጫ) የምትጠቀሙም ልጆች ባሉበት ዝግ ክፍል ውስጥ አትክፈቱት።

የበርጩማው እግር እየተሰበረ አስቸገረ

ያለ ጅማ በርጩማ የጅማ ቤት አይሞላም። 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው በ1፡12 ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። እግሩ የሚሰበረው የእንጨቱ መስመር እግሩን አቋርጦ ስለሚያልፍ ነው። መስመሩ ከላይ ወደ ታች በእግሩ ቁመት እንዲሄድ አድርጋችሁ ቅረጹ። መቀመጫው ሲሳሳ እንዳይሰነጠቅ ቀጭን ሱፐር ግሉ አጠጡት። እንጨቱን አናጢዎች ዘንድ ታገኛላችሁ፤ «ጋሼ፣ ቁርጥራጭ ዋንዛ ካለ» ማለት ይበቃል። ደረቅ መሆኑን ግን አረጋግጡ። በስቱኮ ፈንታም ሰጋቱራውን ለምኑ፤ ከኮላ ጋር ተለውሶ ያንኑ የእንጨት ቀለም ይዞ ስንጥቅ ይደፍናል።

መብራቱ አንዴ በርቶ ጠፋ

ተቃጥሏል። ነጭ ኤልኢዲ (ትንሿ አምፖል) የሚፈልገው 3 ቮልት ገደማ ነው፣ እናንተ ግን 9 ቮልት ባትሪ ላይ በቀጥታ አሰራችሁት። የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚቀንስ ሬዚስተር አስገቡ፤ ለ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር 100 ኦም፣ ለ9 ቮልት 330፣ ለ12 ቮልት 470። ለእያንዳንዱ መብራት የየራሱ ይኑረው። ጭራሽ ካልበራ እግሮቹን አዙሩ፤ ረጅሙ ፖዘቲቭ ነው።

የ220 ቮልት ሽቦ ወደ አሻንጉሊት ቤት አይገባም። ለማስጌጥም ቢሆን፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን። ከተበላሸ ቻርጀር ሽቦ ቆርጦ ማስገባትም ያው ነው። ቤቱ ካርቶንና ኮላ ነው፣ የሚጫወትበትም ልጅ ነው።

የጣሪያው ቀለም ተላጠ

ከለስላሳ ቆርቆሮ የተሠራ ጣሪያ ከሆነ፣ ቀለሙ የሚይዘው ነገር አላገኘም። በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ በሳሙና እጠቡት፣ ሲደርቅ በጣታችሁ ሳትነኩ ቀቡት።

የሳር ክዳኑ ሻገተ፣ ሸክላው ተሰነጠቀ

ሳሩ ሳይደርቅ ተከድኗል። አውልቃችሁ ጣሉት፤ የሻገተ ሳር ላይ ቫርኒሽ መቀባት ሻጋታውን ማሸግ ነው። በቃጫ ተኩት፤ ቀጭን ስለሆነ ለዚህ መጠን ከሳር ይሻላል። በዱቄት ሊጥ የተለጠፈ ማንኛውም ነገር በጅማ ይሻግታል፣ በረሮም ይበላዋል።

በኮላና በበቆሎ ስታርች የምትሠሯት ጀበና የምትሰነጠቀው ቶሎ ስለደረቀች ነው። ፌስታል በትንሹ ከፍታችሁ ውስጡ አቆዩአት።

እንጨቱ ሥር ደቃቅ ዱቄት ተገኘ

ነቀዝ ነው። ቤቱን ከሌሎቹ ለዩት። ዛሬውኑ። ትንሽ ዕቃ ከሆነ በፌስታል በደንብ አስራችሁ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ፌስታሉን ወዲያው አትፍቱ። አንድ ቀን ሙሉ እንደታሰረ ክፍል ውስጥ ይዋል። ቀዝቃዛ እንጨት ቶሎ ከተከፈተ ጤዛ ይይዛል፣ ዎልፔፐር ያለበት ግድግዳ ከሆነም እንደገና ይጎብጣል።