ጎብኚው ስልኩን ሳይሆን ግንቡን እንዲያይ

ለሙዚየም ወይም ለግንብ ጉብኝት ዲጂታል ታሪክ እናዘጋጅ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ትልቅ ስክሪንና ውድ መተግበሪያ ነው። ተዉት። ስልክ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና አንድ ጥሩ ተራኪ ካላችሁ ይበቃል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። «የጎንደር ታሪክ» ካላችሁ ማንም ሰምቶ አይጨርሰውም። ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለውን የታላቁ አጼ ኢያሱን ቤተ መንግሥት ውሰዱ። ሰው ገብቶ ቀና ሲል የሚያየው ሰማይ ነው። እዚያው ላይ ያዙት! ድምፁ «እስቲ ቀና በሉ፤ ጣሪያው የት ሄደ?» ብሎ ይጀምር። ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ ዝም፤ ጎብኚው ግድግዳውን ይቃኝ። ቀጥሎ በፈረንጆቹ 1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጉዳት እንዳደረሰበት፣ በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ሲወጉ በጣሉት ቦምብ እንደገና እንደተመታ ይንገረው። አለቀ፣ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። መግለጫ ሰሌዳውን ማይክ ላይ ማንበብ ግን ትረካ አይባልም።

አፈ ታሪክ ሲሆን ተራኪው የአካባቢው አዛውንት ቢሆኑ ይመረጣል። ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ አዳነው ይባላል። ይህን አባባ በራሳቸው አነጋገር ያውሩት፤ «እንግዲህ ልጄ» ያሉትንም ቆርጣችሁ አትጣሉ፣ ጣዕሙ እሱ ነው። «ይባላል» የምትለዋም ትቆይ፣ ምክንያቱም አፈ ታሪክና የተጻፈ ታሪክ ሲቀላቀሉ አስጎብኚዎች ናቸው የሚጨቃጨቁት። ከመልቀቃችሁ በፊት ቅጂውን አሰሟቸውና ፈቃድ ጠይቁ።

ቀረጻው በሰከንድ 64 ኪሎቢት በሆነ ጥራት ከተቀመጠ አንድ ደቂቃው ግማሽ ሜጋባይት አካባቢ ነው። የጎብኚውን ዳታ አይበላም። ቴሌግራም ቻናል ላይ ጫኑትና ኪውአር ኮዱን በሩ ላይ ሳይሆን ሰውየው ቆሞ ቀና በሚልበት ቦታ አቁሙት። ቅርሱ ላይ ግን በፍጹም አትለጥፉ! ሥሩ «1 ደቂቃ፣ አማርኛ» ብላችሁ ጻፉ። ፀሐይ የሚመታው ቦታ ከሆነ የሚያንጸባርቅ ፕላስቲክ አታልብሱት፣ ካሜራው አያነበውም። ብዙ ሰው ኢርፎን ስለማይዝ ድምፁን ከፍቶ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ኮድ ከቅጥሩ ውጭ ይሁን።

ከዚያ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ተመልከቱ። ሰዎች ስልኩን ከጆሯቸው የሚያነሱበት ቦታ ላይ ትረካው ሰልችቷቸዋል፤ እዚያ ጋ ቁረጡት።