ለጨጓራ የሚስማማ የታይላንድ ፓፓያ ሰላጣ አዘገጃጀት

ሶም ታም ካልበሰለ አረንጓዴ ፓፓያ የሚሠራ የታይላንድ ሰላጣ ሲሆን፣ መነሻው የሀገሪቱ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል የሆነው ኢሳንና ጎረቤቱ ላኦስ ነው። ጨጓራ ያለበት ወይም ሆዱ ቶሎ የሚነፋ ሰው በተለመደው አሠራሩ ሲበላው ብዙ ጊዜ ይጸጸታል። ሆኖም ሆድን የሚያስቸግሩት ነገሮች ተለይተው የሚታወቁ ስለሆኑ፣ ሰላጣውን እርግፍ አድርጎ ከመተው ይልቅ እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ማለዘብ ይቻላል። ለዚህ ተስማሚ የሆነው ለውዝ የሚገባበት ሶም ታም ታይ የተባለው ዓይነት ነው፤ በጨው የተያዘ ጥሬ ሸርጣንና የተብላላ ዓሣ የሚጨመርበት የኢሳኖቹ አሠራር ለታመመ ሆድ አይመከርም።

ፓፓያ ቆላ ወዳድ በመሆኑ ለገበያ የሚቀርበው ከመቂ፣ ከባቱና ከአርባ ምንጭ አካባቢ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉት በአቃቂና በቱሉ ዲምቱ የሚኖሩ ሰዎች ከመቂና ከባቱ የሚመጣው ጭነት በደጃቸው ስለሚያልፍ በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው። ፍራፍሬ ቤቶች የሚደረድሩት የበሰለውን ስለሆነ ያልበሰለ እንዲያስቀሩልዎ ቀደም ብሎ መንገር ይሻላል፤ ነጋዴው ለምን ጥሬውን እንደፈለጉ ቢጠይቅዎ አይገረሙ። ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ ልጣጩ ወጥ አረንጓዴ የሆነ ይምረጡ። ሲቆረጥ ውስጡ ብርቱካንማ መልክ ከያዘ ለዚህ ሥራ አልፎበታል፤ ሲወቀጥ ይላሽቃል።

ለሦስት ሰው የሚበቃውን ለመሥራት 300 ግራም ያህል የተላጠ ፓፓያ፣ አንድ ትንሽ ካሮት፣ ስድስት ፍሬ ፎሶሊያ፣ ሁለት ትናንሽ ቲማቲም፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ለውዝ፣ አንድ ሎሚ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ቃሪያ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ያዘጋጁ። በታይላንድ የጨዉን ቦታ የሚይዘው የዓሣ ስጎ ነው፤ የደረቀ ሽሪምፕም ይገባበታል። ሁለቱንም ትቶ በጨው ብቻ መሥራት ጣዕሙን በመጠኑ ቢቀንሰውም፣ ሰላጣውን ለረቡዕና ለዓርብ የሚሆን የጾም ምግብ ያደርገዋል።

ፓፓያው ሲላጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። ይህ ፈሳሽ ፕሮቲን የሚሰባብር ፓፔይን የተባለ ኢንዛይም የያዘ ሲሆን እጅን ስለሚያሳክክ በጓንት መላጥ ይመረጣል። ለሁለት ከፍለው ነጫጭ ፍሬዎቹን ካወጡ በኋላ ጨው ባለበት ውኃ 15 ደቂቃ ዘፍዝፈው ያለቅልቁትና በካሮት መፈቅፈቂያ ረዘም ረዘም አድርገው ይፈቅፍቁት። ታይላንዳውያን ከዚህ በኋላ ጥሬውን ይወቅጡታል፤ ለደካማ ሆድ ግን በፈላ ውኃ ነከር አድርጎ ማውጣት የግድ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈው የአንድ ደቂቃ ልክ እዚህ ወደ ሁለት ደቂቃ ቢጠጋ ይሻላል። ክሩ መለመጥ ሲጀምር ግን ጥርስ ሲነክሰው አሁንም ቀጭ የሚል ከሆነ ደርሷል። ካሮቱም አብሮት ይነከር፤ ፎሶሊያው ግን ለብቻው እስኪለሰልስ ይቀቀል።

ማፍላቱ ሌላም ጥቅም አለው። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚያልፍ በመሆኑ፣ በዳርቻው በመስኖ የሚለማ አትክልት ጥሬውን ሲበላ አሜባና ጃርዲያ ሊያስከትል ይችላል፤ አቸቶና ሎሚም እነዚህን ጥገኛ ተሕዋስያን ያጠፋሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ቲማቲሙንም በፈላ ውኃ ነክረው ይላጡትና ውስጡን አውጥተው ሥጋውን ብቻ ይጠቀሙ።

ነጭ ሽንኩርት ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የሆድ መነፋት ምክንያት ነው። በውስጡ ያለው ፍሩክታን የተባለ የካርቦሃይድሬት ዓይነት በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ ያልፍና በትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጥራል። ፍሩክታን በውኃ እንጂ በዘይት ስለማይሟሟ መላው ቀላል ነው፤ ፍንካቾቹን ሳይከትፉ በዘይቱ ውስጥ በዝግታ ወርቃማ እስኪሆኑ ጠብሰው አውጥተው ይጣሉ፤ መዓዛው በዘይቱ ውስጥ ይቀራል።

ቃሪያን በተመለከተ የሚያቃጥለው ፍሬው ነው የሚለው ግምት ትክክል አይደለም። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን በብዛት የሚገኘው ፍሬዎቹ በተጣበቁበት ነጭ ሥጋ ላይ በመሆኑ፣ እሱን በቢላ ጫፍ ፍቆ ማውጣት ብቻውን ብዙ ያለዝበዋል። ሚጥሚጣ መነስነስ ግን አይገባም፤ ቃሪያ ከበዛ ተለቅሞ ይወጣል፣ የገባ ሚጥሚጣ አይለቀምም። የጨጓራ ቁስለት ዋነኛ መንስኤዎች ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች እንጂ በርበሬ ባይሆንም፣ የቆሰለን ጨጓራ ማቃጠሉ አይቀርም። ሰገራው የጠቆረ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ምግብ ከማስተካከል አስቀድሞ ሐኪም ይታይ።

ለመውቀጥ የቤት ሙቀጫ ይበቃል፤ በርበሬ የተደለዘበት ከሆነ ግን ሽታውና ማቃጠሉ ከእንጨቱ ስለማይለቅ ሌላ ይፈለግ። ዘነዘናው ብረት ሲሆን ፓፓያውን ያደቅቀዋልና የእንጨቱን ይጠቀሙ። በመጀመሪያ ስኳሩን፣ ጨዉንና የተፋቀውን ቃሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርገው ቃሪያውን ያውጡት። ፎሶሊያውንና ቲማቲሙን ጨምረው ጥቂት ይጫኑ። ከዚያ ፓፓያውንና ካሮቱን ያስገቡና በአንድ እጅ ዘነዘናውን ቀስ እያደረጉ፣ በሌላው በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እያገላበጡ ይውቀጡ። የሚፈለገው ክሩ ተሰንጥቆ መረቁን እንዲጠጣ ነው፤ ልሞ ፍትፍት መምሰል ከጀመረ አልፏል።

የነጭ ሽንኩርቱን ዘይትና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ አፍስሰው ይቅመሱ። ቃር ለማያስቸግረው ሰው ቀሪው ግማሽ ሊጨመር ይችላል። ሎሚው ሲቀነስ ስኳሩና ጨዉም አብረው ካልተቀነሱ ሚዛኑ ይፋለሳል። በስኳር ፋንታ ማር ጤናማ ነው ብሎ መተካት እዚህ አይሠራም፤ ፍሩክቶስ የተባለው የስኳር ዓይነት ስለሚበዛበት ሆድን የሚነፋቸው አሉ። ለውዙን መጨረሻ ላይ አድቅቀው ይበትኑት፤ የተጨማደደ ወይም የሻገተ ፍሬ ግን የሻጋታው መርዝ በመቆላት ስለማይጠፋ አስቀድሞ ተለቅሞ ይጣል።

ሰላጣው በባዶ ሆድ ወይም ወደ መኝታ ሲቃረቡ አይበላ። ታይላንዳውያን ከተጣባቂ ሩዝ ጋር ያቀርቡታል፤ እዚህ ለስለስ ብሎ የተቀቀለ ነጭ ሩዝ ወይም ድንች ይስማማዋል። እንጀራ ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ቃር ላለበት ሰው ጥሩ ጓደኛ አይመስለኝም። ያልበሰለ ፓፓያ ወተት ማኅፀንን እንደሚያኮማትር በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች በመታየቱ፣ ነፍሰ ጡር ሴት የተነከረውንም ቢሆን ትታ በካሮት ብቻ የተሠራውን ትብላ። ለላቴክስ (ለተፈጥሮ ጎማ) አለርጂ ያለበት ሰውም እንዲሁ ያድርግ።

አንዴ ሎሚ የነካው ሰላጣ ውኃ ስለሚያወጣ አያድርም። ተነክሮ የተንጠፈጠፈውን ፓፓያ ግን በክዳን ዕቃ አድርጎ በፍሪጅ እስከ ማግስቱ ማቆየት ይቻላል። ነጭ ሽንኩርት የተጠበሰበት ዘይት ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ ለሚያመጣ ባክቴሪያ ሊመች ስለሚችል የተረፈው በዕለቱ ይደፋ።