«ጥላ» ሲገጥማችሁ እንዴት ታነቡታላችሁ?

ግጥም ስታነቡ «ጥላ» የሚል ቃል ካያችሁ ቶሎ አትለፉት። አማርኛ ፀሐይ ሲከር የምንሸሸግበትን የዛፍ ሥርም፣ እግር በእግር የሚከተለንን ጥቁር ምስልም፣ ክረምት ሲገባ የምንዘረጋውንም በዚሁ ቃል ነው የሚጠራው። መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሰውየው ጥላው ውስጥ ገባ ወይስ ጥላው ወደቀበት?

ከገባ ከለላ ነው። ልጇን ጥላሁን ያለች እናት ይህንኑ ነው የተመኘችው። መዝሙረ ዳዊት ሁለቱንም ይዟል፤ በግእዙ አቆጣጠር 90ኛው የአምላክን ጥላ፣ 22ኛው የሞትን ጥላ። ጥምቀት ላይ ወደ ጃንሜዳ በሚወርደው ታቦት ላይ የሚዘረጋው ጥላ ደግሞ ለክብር እንጂ ለፀሐይ አይደለም።

ከወደቀበት ግሱን እዩ። ዜና ላይ «የዋጋ ንረት በበዓሉ ላይ ጥላውን አጥልቷል» ሲባል የተጠለለ ማንም የለም። (ጥላቻን እዚህ አትደባልቁ፤ ሥሩ ሌላ ነው።)

እኔ በጣም የምወደው ግን ሰው የራሱ ጥላ ሲኖረው ነው። ጥላው የከበደ ሰው ሲገባ ቤቱ ዝም ይላል፤ ጥላ ቢስ የተባለው ቢናገርም ሰሚ የለውም። ጥላ ወጊ የሚፈራውም ጥላው ሲወጋ ባለቤቱ ይታመማል ተብሎ ስለሚታመን ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጥላን እንደ አካል አንብቡት።

የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ውጡና እዩ። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስትወርዱ ጠዋት የግራው፣ ከሰዓት የቀኙ እግረኛ መንገድ ነው ጥላ የሚያገኘው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ከቀኑ 6:25 አካባቢ ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆማለች፣ ጥላችሁም እግራችሁ ሥር ይጠፋል፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ፒያሳ ላይ፣ በሚያዝያ ቀትር፣ ገጸ ባሕሪያችሁን ረጅም ጥላ አታስጎትቱት። ረጅም ጥላ ካስፈለጋችሁ እስከ 11 ሰዓት አቆዩት።

እናቴ ከቤት ስወጣ ሁሌ «በጥላ በጥላው ሂጂ» ትለኛለች። ይህችን ዓረፍተ ነገር መለማመጃ አድርጓት፦ መጀመሪያ ለፀሐይ፣ ቀጥሎ ለከለላ አንብቧት። እኔ አሁንም ሁለቱንም እሰማባታለሁ።