የድሮ ዓይነት ሠርግ ስትደግሱ የምትሳሳቱባቸው ነገሮች

የእህቴ ሠርግ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ሸማኔው ጋ ደወልኩ። «እህቴ፣ የእናንተ ድር እኮ ገና አልተወጠረም» አለኝ፣ ድምፁ ላይ ምንም ድንጋጤ የለም። ለካ ከእኛ በፊት አሥራ አንድ ሰው ወረፋ ይዟል። የስድስት ሚዜ ቀሚስ ገና ክር ነበር።

እህቴ አዳራሽ አልፈለገችም። ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለው የአያታችን ግቢ ዳስ ተጥሎ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ በመሶብ ተበልቶ በብርሌ የሚጠጣበት፣ ሁሉ ነገር በእጅ የተሠራበት ሠርግ ነው ያማራት። እሷ «ቪንቴጅ» ትለዋለች። እናቴ ደግሞ «ታዲያ ሌላ ምን ዓይነት ሠርግ አለ?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዘመዶቼ እንዲሁ ሲደግሱ አብሬ ጉድ ጉድ ስል ከርሜያለሁ፤ የምናየው ጥፋት ያው ነው። ሁላችንም በእጅ የሚሠራውን ነገር እንደ ሱቅ ዕቃ እንቆጥረዋለን፦ ገንዘብ ካለ ነገ የሚገኝ ይመስለናል።

ባለፈው ዓመት ቀን መመራት

በኦርቶዶክስ ቤተሰብ በጾም ሠርግ እንደማይደገስ የማያውቅ የለም። የሚረሳው ጾሙ ከዓመት ዓመት ከቦታው መንቀሳቀሱ ነው። ጾመ ነነዌ በ2017 የገባው የካቲት 3 ነበር፤ በ2018 ግን ጥር 25 ነው። ዐቢይ ጾምም አብሮ ከየካቲት 17 ወደ የካቲት 9 መጣ። «እነ እንትና አምና በጥር መጨረሻ ደግሰው የለም?» ብሎ ቀን የቆረጠ ሰው ነነዌ ላይ ያርፋል። በ2018 ከጥምቀት ማግስት እስከ ነነዌ ዋዜማ ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም፤ በ2019 ግን ነነዌ የካቲት 15 ስለሚውል ጊዜው ሰፋ ይላል።

ጊዜው ሲጠብ አገር ሁሉ በሁለት ቅዳሜና እሁድ ይዳራል። ሁሉም የሚሻማው በአንድ ሸማኔ፣ በአንዲት ጠላ ጠማቂና በአንድ ማሲንቆ መቺ ነው። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾምባቸው ለድግስ ይመቻሉ። ብቻ ደጋ ላይ ከሆናችሁ የበልግ ዝናብ አለና ለዳሱ ጥሩ ሸራ አስቡ።

ሸማን እንደ ሱቅ ልብስ ማዘዝ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ላውራ፤ በጣም ያቃጠለኝ ይሄ ስለሆነ።

ፈትል የሚባለው ሸማ ማጉ በእጅ የተፈተለ ነው። ጥጡ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ይሄ ሁሉ ሸማኔው እጅ ከመግባቱ በፊት ያለ የሴቶች ሥራ ነው። ስለዚህ ሸማኔው «በሁለት ሳምንት አደርሳለሁ» ሲላችሁ ክሩ በእጁ መኖሩን ጠይቁት። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ተሠርቶ የተሰቀለውን መግዛት ትችላላችሁ፣ ነውር የለውም። ግን የራሴን ጥለት አስመርጬ ላሠራ ካላችሁ ቢያንስ አራት ወር ስጡት። ለሠርጉ ወር ብዙ ሰው ከመመዝገቡ በፊትም ቀብድ ክፈሉ።

ሁለተኛው ጥፋት ሚዜዎቹን ለየብቻ ማሠራት ነው። አንዷ ከዘመድ፣ አንዷ ከገበያ፣ አንዷ ከውጭ አገር ታመጣለች። ቤት ውስጥ ሲታይ ሁሉም ነጭ ነው። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን የእጅ ፈትሉ እርጎ ይመስላል፣ የፋብሪካ ክሩ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ፎቶው ላይ ግማሾቹ ያልታጠበ ልብስ የለበሱ ይመስላሉ። ሠርጉ ሳይደርስ ሁሉንም በቀን ብርሃን፣ ደጅ፣ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ።

ሦስተኛው ውሃ ነው። የእጅ ፈትል መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል። የአክስቴ ልጅ በመልሱ ዕለት ቀሚሷ ላይ ጠጅ ተደፋባትና ያንኑ ሌሊት አጠበችው። በማግስቱ ስትለብሰው ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቀርቷል። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ከዚያ ይሰፋ። ጥለቱ ቀይ ወይም ጥቁር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽታችሁበት ቀለም ይለቅ እንደሆነ ፈትኑ፤ ከለቀቀ ለሸማኔው መልሱት እንጂ አትንከሩት።

የእኛ ሚዜዎች ነገርስ? ስድስቱም በየቤታቸው ሄደው የእናቶቻቸውን ሳጥን ከፈቱ። አንዷ የእናቷን የ1970ዎቹ ቀሚስ ለበሰች፣ ሌላዋ የአያቷን ኩታ ደረበች፤ ሁሉም ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታሉ። ከሠርጉ ሁሉ ሰው እስካሁን የሚያወራው ስለነሱ ነው። መጀመሪያውኑ ሳጥኑን ብንከፍት ኖሮ ሸማኔ ጋ ባልሄድን።

ጆንያ

ስልክ ላይ የሚታየው የፈረንጅ ገጠር ሠርግ ጠረጴዛው በጆንያ ጨርቅ ያጌጠ ነው፤ አበባው በማርማላታ ብርጭቆ፣ ወንበሩ የተላጠ እንጨት። እህቴም አንድ ጥቅል ጆንያ ገዝታ መጣች። እናቴ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ አየችና «ልጄ፣ ሰው እህል ሊሰፈርለት ነው የተጠራው?» አለች። ለእነሱ ትውልድ ጆንያ የወፍጮ ቤት እህል ነው፣ የ77ቱ ድርቅም የእርዳታ ስንዴ ነው። ጌጥ ሆኖ አይታያቸውም።

የፈረንጁ ገጠር ከእኛ ገጠር ጋር አይገጥምም። ለደብረ ብርሃን ግቢ የሚሆነው ጌጥ እዚያው አካባቢ አለ፦ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ባና መደብ ላይ ይነጠፋል፣ ሰፌድ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ እንስራ በር ላይ ይቆማል። የሙሽራው ቤተሰብ ሐረሪ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው፣ የሐረር ቤት ግድግዳ ራሱ በሰፌድ ያጌጠ ነውና። ከየትኛው ገጠር እንደመጣችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ። ሙሽሪት በበቅሎ ትምጣ ካላችሁም ጥሩ ነው፣ በቅሎዋ ግን እልልታና ከበሮ ሲሰማ የምትደነብር አለመሆኗን ቀድማችሁ እወቁ። ካልሆነ ያረጀች ቮልስ ተከራዩ፣ እሷም አሮጌ ናት፣ አትራገጥም።

መሶብን ለፎቶ ማቆም

አንድ ሠርግ ላይ መግቢያው ላይ አራት የሚያማምሩ መሶቦች ቆመው ነበር። ሰው የበላው ግን ተሰልፎ፣ በፕላስቲክ ሳህን ነው። ሽማግሌዎቹ መሶቡን እያዩ ሳህን ይዘው መቆማቸው ደስ አይልም ነበር።

በመሶብ ይበላ ካላችሁ ሒሳቡን ሥሩት። አንድ መሶብ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ሰው ያስከብባል፤ ለ200 እንግዳ አርባ ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። ያን ሁሉ ማሠራት አይታሰብም። አክርማና ስንደዶው የሚሰበሰበው ክረምቱ ሲያልቅ ነው፤ የምትሰፋውም ሴትዮ ወስፌዋን የምታነሳው ከቤት ሥራ ስታርፍ ነው፣ አንድ ደህና መሶብ ወራት ይወስድባታል። የሚያዋጣው ለታላላቆችና ለሙሽሮች አሥር መሶብ ከዘመድ ተውሶ ማቅረብ፣ ለሌላው በሌማት ወይም በትሪ ለአምስት ለአምስት ማቅረብ ነው። የተዋሳችሁትን ክዳኑ ሥር የባለቤቱን ስም ጽፋችሁ በክር እሰሩበት። ይሄን አንረሳም ብላችሁ አትመኑ፤ እኛ ሁለት መሶብ ተለዋውጦብን እትዬ ጎረቤታችን እስካሁን «የኔ አይደለም» ትላለች።

ጠላና ጠጅን ለመጨረሻው ሳምንት መተው

ጠላ ገና ጋኑ በወይራ ሲታጠን ይጀምራል። ከዚያ ጥንስሱ፣ እንኩሮው፣ ድፍድፉ እያለ ሁለት ሳምንት ይበላል። ብርድ አገር ከሆነ ደግሞ ይዘገያል፤ በጥር የደብረ ብርሃን ሌሊት ውርጭ ነው፣ ጥንስሱ ብርድ ልብስ ይፈልጋል። ጠጁም እንዲሁ፦ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ተበርዞ፣ ጌሾው ገብቶ፣ ሳይቸኮል መቆየት አለበት። ያልደረሰ ጠጅ ጣፋጭ ብርዝ ሆኖ ይጠጣና ማታ ሆድ ይነፋል።

የእኔ ጥፋት ሌላ ነበር። ጠጁ አዲስ አበባ ተጥሎ መኪና ላይ ሊጫን ስለሆነ በጀሪካን ሞላሁና ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁ። ገና እየተብላላ ነበር። ሸኖ ስንደርስ ከኋላ «ጧ!» አለ። አክስቴ «ተኩስ ነው!» ብላ አንገቷን ቀበረች። ክዳኑ የመኪናውን ጣሪያ መትቶ ተመለሰ፣ የሙሽራው ካባ በጠጅ ራሰ። ክዳኑን ላላ አድርጉ፣ ጀሪካኑንም አትሙሉት፣ ከልብስ ጋርም አትጫኑት።

ብርድ፣ ቄጠማ፣ ሽንት ቤት

በአጭሩ ልለፈው። ቄጠማ የዕለቱን ጠዋት ይታጨድ፤ ከዋዜማው ከተጎዘጎዘ ሠርጉ ላይ ድርቆሽ ነው። ባለረጅም ተረከዝ ጫማ ዳስ ውስጥ መሬት ይጠልቃልና ለሚዜዎቹ አስቀድማችሁ ንገሩ። ጀነሬተሩን ከማሲንቆው አርቁ። ለሁለት መቶ ሰው አንድ የጓሮ ሽንት ቤት አይበቃም፣ ይሄንን ማንም አይነግራችሁም። ሲመሽ ደጅ ላይ እሳት አንድዱ፤ ጋቢ ያለው ሁሉ ይዞ እንዲመጣም በጥሪው ላይ ጻፉ።

በጥሪ ካርድ ሰዓት መሳት

ካርዱ በእጅ ይጻፍ ተባለ። እጁ ያማረ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ተገኘ፣ ሁለት መቶ ካርድ በቀይና በጥቁር ቀለም መጻፍ ጀመረ፣ አርባኛው ላይ ደከመው፣ ፊደሉ ይንጋደድ ጀመር። አንዱን ብቻ፣ ከፈለጋችሁ በብራና ላይ አጽፉና ሌላውን አባዙ፤ ዋናው ለልጆቻችሁ ይቀራል።

ትልቁ ስህተት ግን ካርዱ ላይ የጻፍነው «ከቀኑ 6፡00» ነው። ከሜሪላንድ የመጣው የአጎታችን ልጅ በስልኩ ሰዓት አንብቦት ሊመሽ ሲል ብቅ አለ። የቀረው ምሳ አጥንት ነበር። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ካላችሁ ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ለምሳሌ «ከቀኑ 6፡00 ሰዓት፣ ማለትም እኩለ ቀን»።

ወጥ ቤቱን መርሳት

«በእጅ የተሠራ» የምንለው ጌጡን ብቻ ነው። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፤ ለ200 ሰው አንዳንድ ብልት ብቻ እንኳ እንዲደርስ 17 ዶሮ ማረድ፣ መገነጣጠል፣ በሎሚና በጨው ማጠብ አለ። ሽንኩርቱ ለብቻው ሌሊት ሙሉ ይቁላላል። ያንን የሚሠሩት አክስቶቻችንና ጎረቤቶች ናቸው፣ እኛ ደግሞ በቴሌግራም ግሩፕ «እትዬ፣ ወጡ በሸክላ ይቅረብ እባክሽ» እያልን ትእዛዝ እንልክላቸዋለን። ከመካከላቸው አንዷን አለቃ አድርጉና ከእሷ ጋር ብቻ ተነጋገሩ። ለእያንዳንዳቸው ነጠላ ግዙ፣ ከሠርጉ በፊት ስጧቸው እንጂ በኋላ አይሁን። ሙሽሮቹ ሲገቡም ድስቱን ትተው የሚያዩበት ሰዓት አስቀምጡላቸው።

የእህቴ ፎቶዎች ሲመጡ ከሺ በላይ ነበሩ። እኔና እናቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ቀን ሙሉ አየናቸው። ከእሑድ ሌሊት 9 ሰዓት ጀምሮ እሳት ላይ የነበረችው አክስቴ የታየችው በአንዱ ብቻ ነው፣ እሱም እጇ፤ ከበር በኩል ሰፌድ ሲያቀብል። እናቴ ያንን ፎቶ ለብቻ አሳጠበችው። ቀጥሎ የተዳረችው የአጎቴ ልጅ ፎቶ አንሺውን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቀጥራ ወጥ ቤት አስገባችው።