መኪናው ካዘመመ ፍሪጁ አይቀዘቅዝም

ጅሬን ላይ ያደርኩበት የመጀመሪያ ሌሊት አንድ ሊትር ተኩል ወተትና ሁለት ኪሎ ሥጋ አስጥሎኛል። መኪናዬን ያቆምኩት ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዝቅ ብሎ፣ ጅማ ከተማ ቁልጭ ብላ ከምትታይበት ዳገት ላይ ነበር። አሮጌ ካምፐር ናት። አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ በቡታጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ አላት። ማታ እሳቱ ሲነድ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት ግን ሽታው ተቀበለኝ።

ከተማ ወርጄ ለአንድ ጠጋኝ አሳየሁት። አየት አደረገና «ጋዝ ጨርሷል፣ እንሞላዋለን» አለኝ። ቱቦውን ሊበሳ መሣሪያ ሲያነሳ ሆዴ ፈራ። «ቆይ እስቲ፣ ነገ እመለሳለሁ» ብዬ ሹልክ አልኩ። ደግነቱ የዚያኑ ቀን ሰፈር ውስጥ አጥር የሚሠሩ አንድ ግንበኛ ውሃ ልካቸውን፣ ማዘመምን በአረፋ የምታሳየዋን መሣሪያ፣ አዋሱኝ። ፍሪጁ ውስጥ ሳስቀምጠው አረፋዋ ሮጣ ጥግ ላይ ተለጠፈች። ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ቢሆን አፍርሰህ ጀምር እልህ ነበር» አሉኝ።

ፍሪጁ አልተበላሸም ነበር። ያዘመመው መኪናው ነው።

መጀመሪያ የፍሪጃችሁን ዓይነት እወቁ

ይህ ሁሉ ወሬ የሚመለከተው ኮምፕረሰር፣ ማለትም ጋዙን እየጨመቀ የሚገፋ ሞተር፣ የሌለውን ፍሪጅ ነው። መለየቱ ቀላል ነው። ሲሠራ የሞተር ድምፅ ከሰማችሁ ኮምፕረሰር አለው፤ ትንሽ ቢያዘምም ግድ የለውም። ድምፅ ከሌለው፣ በጋዝ እሳትም በኤሌክትሪክም የሚሠራ ከሆነና ጀርባው ላይ የተጠማዘዙ ጥቁር ቱቦዎች ካሉት፣ የምናወራው ስለ እሱ ነው። ድሮ ገጠር ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ክትባት የሚቀመጥበት በላምባ የሚሠራው ፍሪጅ የዚሁ ዘመድ ነው። እሱም ልኩ ተጠብቆ ካልቆመ አይሠራም ነበር።

ምልክት፦ እሳቱ ይነዳል፣ ጀርባው ይግላል፣ ውስጡ ግን አይቀዘቅዝም

ዋናው በሽታ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

በቱቦዎቹ ውስጥ ውሃ፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን አብረው ታሽገዋል። ፓምፕ የለም፣ የሚሽከረከር ነገር የለም። ሐሳቡ የሁለት የስዊድን ተማሪዎች ነው፤ ፎን ፕላተንና ሙንተርስ ይባላሉ፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1922 ነው። አሠራሩን ለመረዳት ጀበና አስቡ። ቡናው ሲፈላ አረፋው ፈሳሹን በጠባቡ አንገት ወደ ላይ ይገፋዋል። እዚህም እሳቱ የአሞኒያና የውሃውን ድብልቅ ያፈላል፤ አረፋው ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ያወጣዋል። አሞኒያው ተንኖ ይለያል። ከዚያ ያለው ልክ እንደ አረቄ አወጣጥ ነው። እንፋሎቱ ላይኛው ቱቦ ላይ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ፍሪዘሩ አጠገብ ሲደርስ ሃይድሮጅን ያገኘዋል፤ እንደገና ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። እጃችሁ ላይ አልኮል ሲፈስ የሚቀዘቅዛችሁ በዚሁ ምክንያት ነው። በመጨረሻ ውሃው አሞኒያውን መልሶ ይመጠውና እሳቱ ወዳለበት ማፍያ ይወርዳል።

«ይወርዳል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። የሚያወርደው ሌላ ኃይል የለም፤ የራሱ ክብደት ብቻ ነው። ቱቦዎቹ ለዚህ ሲባል ትንሽ ተዳፋት ሆነው ተሠርተዋል። መኪናው ሲያዘምም ያ ተዳፋት ይጠፋል፣ አንዳንዴም ይገለበጣል። ፈሳሹ መንገድ ላይ ያቁራል። ማፍያው ጋ የሚመለስ ነገር ስለሌለ እሳቱ ባዶ ቱቦ ያነዳል። ባዶ ጀበና ምድጃ ላይ እንደመርሳት ነው።

ነገሩ ባለመቀዝቀዝ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ፈሳሹ ውስጥ ቱቦውን ከዝገት የሚከላከል ሶዲየም ክሮሜት የሚባል ነገር አለ። ማፍያው ከመጠን በላይ ሲግል ይህ ነገር ይጋግርና ቀጭኑን ቱቦ ይደፍነዋል። የተደፈነ ቱቦ አይመለስም። አንድ ሌሊት ላይገድለው ይችላል፤ ግን እያንዳንዱ ያዘመመ ሌሊት ከዕድሜው ይቆርጣል።

መፍትሄው፦ እሳቱን አጥፉ። መኪናውን ልክ አድርጉ። ያቆረው ፈሳሽ እንዲወርድ ሁለት ሦስት ሰዓት ተዉት። ከዚያ አስጀምሩትና ታገሱ። ይህ ፍሪጅ ቀርፋፋ ነው፤ ከባዶ ተነስቶ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። በየሰዓቱ በሩን እየከፈታችሁ «ቀዘቀዘ?» አትበሉት።

ልኩን እንዴት እንለካ?

ውሃ ልኩን መሬት ወይም ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጡ። ፍሪዘሩ ወለል ላይ አስቀምጡት፤ አንዴ በቁመት፣ አንዴ በጎን። አሁን የሚሸጡት አብዛኞቹ ፍሪጆች ወደ ጎን እስከ 3 ዲግሪ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እስከ 6 ዲግሪ ያህል ይታገሳሉ። የቆዩት ከዚህ የባሱ ቀበጦች ናቸው። መመሪያው ካላችሁ የሱን ቁጥር እመኑ። ዲግሪ ማወቂያ ከሌላችሁ 20 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ትንሽ ውሃ ልክ ያዙ። ዝቅ ያለውን ጫፍ አረፋዋ መሃል እስክትገባ ብድግ አድርጉት። ከሥሩ የተከፈተው ክፍተት 1 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 3 ዲግሪ ነው፤ 2 ከሆነ 6።

እኔን ያሞኘኝ ግን ሌላ ነው። የፍሪጁ ጎን የመኪናው ጎን አይደለም። ብዙ ካምፐር ላይ ፍሪጁ በጎን ግድግዳ በኩል ቆሞ ፊቱን ወደ መተላለፊያው ያዞራል። ስለዚህ የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገት ሲቀና፣ ፍሪጁ የሚያዘምመው ወደ ጎኑ ነው፤ ማለትም 3 ዲግሪ ብቻ ወደሚችልበት አቅጣጫ። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 3 ሜትር ቢሆን፣ 3 ዲግሪ ማለት የ16 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ነው። ጅሬን ላይ 16 ሳንቲ ሜትር ምንም ማለት አይደለም። እኔ እንኳን አልታወቀኝም ነበር።

ለምን አይታወቀንም? የጅማን በርጩማ አስቡ። ሦስት እግር ስላለው ጎርበጥባጣ መሬት ላይም አይንገዳገድም። የተቀመጠበት ሰው ግን ዘንበል ማለቱን ልብ አይልም። መኪናም እንዲሁ ነው። ባሌስትራው ስለሚያመቻቸው አራቱም ጎማ መሬት ይነካል፣ አይንገዳገድም፣ ግን ያዘምማል።

ለማስተካከል ጣውላ ይበቃል። አራት አምስት ወፍራምና ሰፋ ያሉ ጣውላዎች ይዤ ነው የምዞረው። መጀመሪያ የግራና የቀኙን፣ ቀጥሎ የፊትና የኋላውን አስተካክሉ። ዝቅ ያለው ጎማ ጣውላው ላይ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ግማሹ በአየር ላይ ከቀረ ጎማው ይጎዳል። ከዚያ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ። በክሪክ ብድግ አድርጎ እዚያው ማደር ግን አደጋ ነው፤ ክሪክ ጎማ መቀየሪያ እንጂ ማደሪያ አይደለም።

ምልክት፦ ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት ሞቋል

ጅማ ላይ ይህን ያየሁት በክረምት ነው። ማታ አረፋዋን መሃል አስገብታችሁ ትተኛላችሁ። ሌሊቱን ይዘንባል። ቀዩ አፈር ይርሳል፣ በአንድ ወገን ያለው ጎማ ጣውላውን ይዞ ይሰምጣል። ጠዋት መኪናው ሌላ ቦታ የቆመ ይመስላል። ቦዬ ረግረግ አካባቢ ሜዳ ነው ብዬ ተዝናንቼ ይህ ደርሶብኛል። ዳገቱን ስፈራ ጭቃው በላኝ።

መፍትሄው ሰፊ ጣውላና ጠንካራ መሬት ነው። ጠጠር የፈሰሰበት ቦታ ካገኛችሁ እይታው ባያምርም እሱን ምረጡ። ዝናብ ካለ ጠዋት ከቡና በፊት አረፋዋን እዩ።

ምልክት፦ ስንጓዝ ይቀዘቅዛል፣ ስንቆም ይደክማል

ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ያው ማዘመም ነው። መኪና ሲሄድ ይናጣል፣ ያዘመመበትም አቅጣጫ ይቀያየራል፤ ስለዚህ ፈሳሹ አንድ ቦታ አያቁርም። ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት ጨምሮ፣ ፍሪጁን ምንም የማያደርገው።

ሁለተኛው ባትሪ ነው። በ12 ቮልት ሲሠራ ከ10 አምፒር በላይ ይጎትታል። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ይሸፍነዋል። ሞተሩ ከጠፋ ግን ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይዝላል። ለመለየት ስትቆሙ ወደ ጋዝ ቀይሩት። በጋዝ ከቀዘቀዘ ጥፋቱ የባትሪው ነው። ካልቀዘቀዘ ውሃ ልኩን አውጡ።

ምልክት፦ በመብራት ይሠራል፣ በጋዝ ይለግማል

መኪናው ልክ ቆሞ ከሆነ እሳቱን እዩ። ሰማያዊና ጸጥ ያለ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነና ጥላሸት ካወጣ አየር አንሶታል ወይም ቆሻሻ ገብቶበታል። ከፍታም አንዱ ምክንያት ነው። ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ካለፈ በኋላ በጋዝ ማቀጣጠል ሊያስቸግር እንደሚችል አምራቾች ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ጅሬን ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። መብራት ባለበት ቦታ በመብራት አሠሩት። ከሌለ ማቃጠያውንና ጭስ መውጫውን አጽዱ፤ የሸረሪት ድር ሲደፍነው ብዙ ጊዜ ነው። የጋዙን ጥቃቅን ቀዳዳ በመርፌ አትጎርጉሩት፤ ይሰፋል። በአልኮል ዘፍዝፋችሁ አድርቁት። የሲሊንደር ሥራ የማታውቁ ከሆነ ግን ለሚያውቅ ስጡ። ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳልና ሲያፈተልክ ወለል ላይ ነው የሚተኛው።

ተቃራኒውም አለ፤ በጋዝ ይሠራል፣ በመብራት ይደክማል። ያን ጊዜ ሶኬቱ ላይ ቮልቴጁን ለኩ። በረጅም ቀጭን ገመድ ከሰው ግቢ ስትስቡ 220 የነበረው 180 ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ማሞቂያው ግን ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛውን ያጣል።

ሁሉም ልክ ነው፣ አሁንም አይቀዘቅዝም

ቀላሎቹን ቶሎ እንጨርስ። የበሩን ጎማ በብር ኖት ፈትኑት፤ ዘግታችሁ ስትስቡት እንደ ልቡ ከወጣ ጎማው ላልቷል። ጀርባው ላይ ያሉት የአየር መተላለፊያዎች በልብስ ወይም በካርቶን አይዘጉ። ትኩስ ወጥ አታስገቡ። ውስጡን በእጅ ዳበሳ አትገምቱ፤ ቴርሞሜትር በውሃ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ አሳድሩ፤ ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ማሳየት አለበት።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ቱቦው ተደፍኖ ይሆናል። አንዳንዶች ፍሪጁን ነቅለው ገልብጠው ያሳድሩትና መልሰው ያቆሙታል። አንዳንዴ ይሠራል፣ ለጥቂት ወራትም ያገለግላል። በመጣያው አፍ ላይ ላለ ፍሪጅ ነው የምመክረው። ጋዝ እንሙላ የሚለውን ግን እንቢ በሉ። ይህ እንደ ቤት ፍሪጅ ቱቦው ተበስቶ የሚሞላ አይደለም፤ ሲበሳ የሚወጣው አሞኒያና የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ነው።

ዓይን የሚያቃጥል፣ እንደ ሽንት ቤት የሚከረፋ ሽታ ከሸተታችሁ ወይም ጀርባው ላይ ቢጫ ዱቄት ካያችሁ፣ ቱቦው አፍስሷል። የሚጠገን ነገር የለም። እሳቱን አጥፉ፣ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፣ ልጆቹን አስወጡ። ዱቄቱን በባዶ እጅ አትንኩት፤ መርዛማ ነው።

የምትቀይሩት ከሆነ የ12 ቮልት ኮምፕረሰር ያለውን ግዙ ባይ ነኝ። ሶላርና ደህና ባትሪ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ይቆነጥጣል። ግን 30 ዲግሪ ዘንብሎም የሚሠራ አለ፤ ጅሬን ላይ የትም አቁማችሁ ትተኛላችሁ። የኔው አሮጌ ፍሪጅ እስካሁን አለ። የግንበኛውም ውሃ ልክ እኔው ጋ ነው፤ ልመልስ ስሄድ «ያዘው፣ አንተ ትብሳለህ» ብለውኛል።