ጀልባ ላይ ቆሮሶና ቆስጣ፦ የአኳፖኒክስ ችግርና መፍትሄ ከጎርጎራ

ከጎንደር በአዘዞና በቆላድባ በኩል ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔና ወንድሜ እዚያ የምትታሰር አሮጌ የብረት ጀልባ አለችን። ውስጧ 500 ሊትር የሚይዝ የዓሣ ገንዳ፣ ከገንዳው በላይ ደግሞ 2 ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ አለ። ገንዳው ውስጥ ቆሮሶ፣ መደቡ ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣና በሶብላ። አፈር የለም፤ ዓሣና አትክልትን እንዲህ በአንድ ውሃ ማሳደግ ነው አኳፖኒክስ የሚባለው። ዓሣው የበላውን በአሞኒያ መልክ ያስወጣል፤ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ አትክልቱ ናይትሬቱን ይመገባል፤ ውሃው ተመልሶ ወደ ዓሣው ይወርዳል።

ምልክቱ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ መኖ አቁሙ። ቆሮሶ ሁለት ሦስት ቀን ቢጾም አይሞትም። በተበላሸ ውሃ ላይ የተበተነ መኖ ግን ይጨርሰዋል።

ጠዋት ዓሣው ከላይ ተሰብስቦ አፉን ይከፍታል ይዘጋል

አየር አጥሮታል። መጻሕፍት ላይ ያለው የኦክስጅን ቁጥር ብዙ ጊዜ ለባሕር ዳርቻ የተሰላ ነው። ጣና ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየር ግፊቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ባሕር ዳርቻ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8.2 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ ከ6.6 ብዙም አያልፍም። ጎንደር ከተማ ግቢው ውስጥ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው የሚያገኘው፤ ከተማው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ሌሊት ገንዳው ውስጥ ያለው አልጌ ራሱ ኦክስጅን ይሻማል፤ ፓምፖቹን የሚያሠራው የሶላር ባትሪ የሚደክመውም ያኔ ነው። ጠዋት ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ለጊዜው ውሃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው፤ አንድ ሰዓት ብትሠሩት ታድኑታላችሁ። ዘላቂው መፍትሄ የአየር ፓምፑን ከውሃ ፓምፑ ለይቶ የራሱን ባትሪ መስጠት ነው። ለ1,000 ሊትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ዓሣ ይባላል፤ እኛ ከታችኛው ቁጥር አናልፍም፤ በእኛ ገንዳ 5 ኪሎ ማለት ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ዓሣው ይደነዝዛል፣ ስንጥቡ (መተንፈሻው) ይቀላል

ይህኛው ችግር የእኛው አገር ነው፤ ለመረዳትም ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል። እኛ ቤት በጾም ዓሣ አይበላም። ስለዚህ 55 ቀን ሙሉ ከገንዳው የሚወጣ የለም፤ ዓሣው ይከብዳል፣ እኛም «አድጓል» ብለን መኖ እንጨምራለን። ከላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ ጾም ነውና ቤተሰቡም ጎረቤቱም ቆስጣውን ይፈልገዋል፣ መደቡ ይላጫል። የሚያመነጨው በዛ፣ የሚመገበው አነሰ። ባክቴሪያው የሚችለው ልክ ስላለው ትርፉ አሞኒያ ውሃው ውስጥ ይቀራል።

አሞኒያ ሁሉ እኩል አይመርዝም። ፒኤች (ውሃው ምን ያህል ኮምጣጣ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር፤ ሲያንስ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) በ1 ሲጨምር መርዛማው ክፍል ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል፤ ፒኤች 7 ላይ ዓሣው የቻለውን፣ 8 ላይ አይችለውም። ስለዚህ ሁለቱንም ለኩ። አሞኒያው በሊትር ከ1 ሚሊግራም ካለፈ የውሃውን አንድ ሦስተኛ ቀይሩ፣ በማግስቱ እንደገና ለኩ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ሙሉ በክፍት ባልዲ ይደር፤ ክሎሪን ባክቴሪያውን ይገድላል።

ከዚያ ወዲያ መኖውን በዓሣው ክብደት መስፈር ተዉ፣ በመደቡ ስፋት ስፈሩ። ለቅጠላ ቅጠል በካሬ ሜትር በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም ነው፤ ለእኛ 2 ካሬ ሜትር ከ80 እስከ 100 ግራም። ቆስጣውን ከነሥሩ አትንቀሉ፣ የውጭ የውጩን ቅጠል ብቻ ቁረጡ። ትልልቆቹን ዓሣዎች ደግሞ በቅበላ ሳምንት አውጡና ብሉ። ወንድሜ «ገንዳውም ቅበላ አለው» ይላል።

አዲስ ገንዳ ላይ ተመሳሳይ ምልክት ካያችሁ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ባክቴሪያው ገና አልበዛም። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፣ ሲቀዘቅዝ ይረዝማል። ጥቂት ዓሣ ብቻ አስገብታችሁ ጠብቁ።

ዓሣው መኖ አይነካም፣ ከታች ተኝቷል

ቴርሞሜትር አስገቡ። ቆሮሶ ከ20 ዲግሪ በታች መብላት ይቀንሳል፣ ወደ 16 ሲወርድ ያቆማል፣ 11 እና 12 ላይ ይሞታል። ሐይቁ ብዙ ውሃ ስለሆነ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ጀልባ አናት ላይ የተቀመጠ 500 ሊትር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቶሎ ይበርዳል። ገንዳውን ከጀልባው ሆድ፣ ከውሃው ልክ በታች አውርዱት፤ ሐይቁ ራሱ ያሞቀዋል። ከላይ ክዳን ይደረግለት።

ማውረዱ ሌላም ጥቅም አለው። 500 ሊትር ግማሽ ቶን ነው። ግማሽ ቶን ከፍ ብሎ ሲቀመጥ፣ ያውም ወዲያ ወዲህ የሚል ውሃ ሲሆን፣ ጀልባዋ ስታዘነብል ውሃውም ወደዚያው ሮጦ ይበልጥ ያዘነብላታል። ገንዳውን ከፊት ወደ ኋላ በሚሄድ ግድግዳ ለሁለት ክፈሉትና ከግድግዳው ግርጌ ትንሽ ማሳለፊያ ተዉ። በዚህ ነገር ቀልድ የለም።

አዲሱ ቅጠል ይነጣል፣ ሥሩ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል

ሥር ስል በቅጠሉ ላይ የተዘረጉትን መስመሮች ማለቴ ነው። ብረት አጥሮታል፤ የዓሣ መኖ ብረት በበቂ አይሰጥም። ወይም ብረቱ እያለ ፒኤቹ ከ7 በላይ ስለሆነ ተክሉ አያገኘውም። እኛ መደቡን ኖራ ባለው ጠጠር ሞልተን ስንት ወር ደከምን! ጠጠር ከመግዛታችሁ በፊት ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ ከፈላ ኖራ አለበት፣ ተዉት። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አይፈላም፣ ቀላልም ነው፣ ለጀልባ የተሠራ ይመስላል። ብረቱን ለተክል በተዘጋጀው፣ ኪሌት በሚባለው ዓይነት ጨምሩ፤ በሊትር 2 ሚሊግራም ይበቃል። የዛገ ሚስማር መጨመር አይረዳም።

የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ ከተቃጠለ ግን የጎደለው ፖታሲየም ነው። ወራት ሲያልፉ ደግሞ ፒኤቹ በተቃራኒው ይወርዳል፤ ባክቴሪያው ሥራውን ሲሠራ ውሃውን ያኮመጥጠዋል። ከ6 በታች ከወረደ ባክቴሪያው ይሰንፋል። በጣም ጥቂት የተጠፋ ኖራ በባልዲ በጥብጣችሁ በየቀኑ ጠብታ በጠብታ መልሱት፤ በአንድ ጊዜ አታፍሱ።

መደቡ ሞልቶ አይወርድም፣ ወይም ወርዶ አይሞላም

በራሱ የሚሞላና የሚወርድ ሳይፎን ደረጃው ያልተዛነፈ መሬት ይፈልጋል። ጀልባ ላይ አይሠራም፤ ማዕበል ሲመታት ይጀምራል፣ ስታዘነብል ያቆማል። ነቅላችሁ ጣሉትና ፓምፑን በሰዓት ቆጣሪ አሠሩት፦ 15 ደቂቃ ይሥራ፣ 45 ደቂቃ ይረፍ።

ዓሣው በየቀኑ አንድ አንድ እያለ ይሞታል፣ ልኬቱ ግን ደህና ነው

ጀልባዋን ራሷን ጠርጥሩ። የመዳብ ቱቦ፣ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ፣ ከሞተሩ የሚንጠባጠብ ናፍጣ። ውሃው የሚነካው ፕላስቲክ ብቻ ይሁን።

ፓምፑ ያጓራል፣ ውሃው ይቀጥናል

በክረምት የጣና ውሃ ደለል ይሸከማል። ከሐይቁ የምትቀዱትን በበርሜል አሳድራችሁ የጠራውን ብቻ ጨምሩ፣ የፓምፑን ስፖንጅ እጠቡ። ያጠባችሁበትን ጥቁር ውሃ ሐይቁ ውስጥ አትድፉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ የታየው የእምቦጭ አረም የሚወፍረው በእንዲህ ያለ ማዳበሪያ ነው፤ ደምቢያ ዳር ያለ ገበሬ ስለሱ የሚነግራችሁ ብዙ አለው። እኛ በጄሪካን ወደ ግቢ እንወስደዋለን፤ እናቴ ጌሾዋ ሥር ታፈሰዋለች።